በክርን የሚበራው መብራት

ሐምሌ 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይህ ደብተር የባሌ የወልደሥላሴ ነው። ፊቱን በሥራ ማስታወሻ ሞልቶት ሄደ፤ ጀርባው ባዶ ቀረ። ከሞተ አሥር ዓመት ሊሆነው ነው። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ምስጥም ጠርዙን ቀምሶታል። መካከሉ ላይ አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ፤ እሱን አልዘረጋውም። ከኋላ በኩል ገልብጬ እጽፍበታለሁ። ለማን እንደምጽፍ አላውቅም።

ዛሬ በወልደሥላሴ የጥገና በርጩማ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ።

የጥገና ማኅበሩ ሲቋቋም የወልደሥላሴ መሣሪያ ሁሉ ለማኅበሩ ገባ፤ እኔም ከዕቃው ጋር አብሬ ገባሁ። የተበላሸ ሬዲዮ እቀበላለሁ፣ ቁጥር እለጥፋለሁ፣ ቤቱን እጠርጋለሁ። ኃላፊያችን ወንዳፍራሽ ሥራ ሲበዛበት ብየዳ ያሠራኛል። በስድስት ዓመት ውስጥ «በርጩማው ላይ ተቀመጪ» ያለኝ የለም። እኔም አልተቀመጥኩም።

ልጅቷ ኛኮንግ ትባላለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የጅካዎ ልጅ ናት፤ አጎቷ ድንበር ማዶ ናስር ወስዶ ሚስዮን ትምህርት ቤት አስገባት። እንግሊዝኛ እንደ ውኃ ታነባለች። የእኛን ፊደል ግን አንዱንም አታውቅም፤ አማርኛን የለቀመችው በጆሮዋ ነው። ስትገባ ቁመቷ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ማሌ» አለች፤ በቋንቋቸው ሰላምታ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ ይሄ ወንበር ሰው አለው?»

እማማ! አርባ አንድ ዓመቴ ነው።

«የለውም» አልኩ።

ሐምሌ 8

የክሊኒኩ አዋላጅ ሲስተር ሽታዬ ዝናቡን ጥሳ መጣች። ጃንጥላዋን ሳትዘጋ ጀመረች።

«ወንዳፍራሽ፣ እጄ ስንት ነው?»

«ሁለት።»

«ሳዋልድስ?»

«ያው ሁለት ነዋ።»

«ዜሮ ነው! ሁለቱም ተይዘዋል፣ ሁለቱም ደም ናቸው። ቀን መብራት የለን፤ ዝናብ ሲመጣ መስኮቱን ስዘጋ ክፍሉ ጉድጓድ ይሆናል። የመኪና ባትሪና አንድ አምፖል አለኝ። ሳበራው በደም እጄ ነው፤ ሳላጠፋው ከቀረሁ ባትሪው ይሞታል። የግድግዳውን ማብሪያ በክርኔ ሞክሬ ሰበርኩት። አንድ ነገር ሥሩልኝ። በክርኔ አንዴ ስመታው ይብራ፣ ዳግም ስመታው ይጥፋ።»

ወንዳፍራሽ «ለኢንጂነሯ ቀላል ነው» አለ። ኢንጂነሯ ያለው ማንን እንደሆነ ለማወቅ ቀና አልኩ። በእኔ ትከሻ ላይ አሻግሮ ወደ በርጩማው እያየ ነበር።

ሐምሌ 12

ቸኩያለሁ። ሃያ ሬዲዮ ገብቷል፤ ዝናቡ የገደላቸው። ኛኮንግ ከድሮ ሬዲዮ ሁለት ትራንዚስተር አወጣች። ሁለቱንም በብየዳ አቃጠለቻቸው። ደስ አለኝ። ማታ ስጸልይ ይህንን አልተናገርኩም።

ሐምሌ 19

የገብርኤል በዓል ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገባሁ።

ወንዳፍራሽ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሣለ። «ሁለት ትራንዚስተር አለን። እንደ ጣውንት አስቧቸው። አንዷ ስትነሣ ሌላዋን ታስቀምጣለች። ቁልፉን ስትጫኑት የተነሣችው ትቀመጣለች፣ የተቀመጠችው ትነሣለች። አንዷ ስትነሣ መብራቱ ይበራል፤ ሌላዋ ስትነሣ ይጠፋል። ሁለቱ እኩል አይነሡም።»

ኛኮንግ ሳቀች። «ወንዳፍራሽ፣ አንተ ጣውንት አታውቅም። አባቴ ሦስት ሚስት አለው። አንዷ ወለደች ሲባል ሌላዋ ላሟን ታልብላታለች። አብረው ነው የሚነሡ።»

«እንዲያ ከሆነማ መብራቱ አይሠራም!»

ተሣሣቁ። እኔ የብየዳውን ብረት ከሰል ላይ እያገላበጥኩ ነበር። ጄኔሬተሩ የሚነሣው ማታ ስለሆነ ቀን የምንበይደው አፉ መዳብ የሆነ ብረት ከሰል ላይ አግለን ነው። ሙቀቱ መድረሱን ወደ ጉንጬ አስጠግቼ አውቃለሁ፤ እስከ ሦስት ቆጥሬም ከትራንዚስተሩ እግር ላይ አነሣለሁ። ከዚያ ካለፈ ይሞታል። ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ዛሬ ኛኮንግ ብረቱን ከእጄ ተቀበለችና ወደ ጉንጯ አስጠጋች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለች። ማንም አላሳያትም። ቆማ ስታየኝ ሰንብታ ነው።

እሷ በአሥራ ስድስት ቀን።

ወንዳፍራሽ ለኛኮንግ ከቤቱ ማንጎ አምጥቶ ነበር። በፊት ለእኔም ያመጣልኝ ነበር። ይህን ለምን እንደምጽፍ አላውቅም፤ ጾሙ ሲቃረብ ሰው ስለ ምግብ ያስባል።

ሐምሌ 25

ደብዳቤ መጣ። መዝገብ ላይ ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከማኅበሩ አንድ ሰው ለስድስት ወር የኤሌክትሪክ ሥልጠና ጅማ ይላካል፤ ሲመለስ ሁለተኛው ጠጋኝ ይሆናል። ስሙ እስከ መስከረም መግቢያ ይድረሰን ይላል።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቴም «አንድ ሰው» ነው የሚለው።

ወንዳፍራሽ «ማን እንደሚሄድ የሲስተር ሽታዬ መብራት ይለያል» አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር መስከረም 2 ለአብዮት በዓል ሊመርቀው ፈልጓል።

ወልደሥላሴ በሕይወት ቢኖር ይህን ሁሉ እሱ ያስተምረኝ ነበር። እኔ ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ያነበብኩት እሱ ከሞተ በኋላ ነው፤ ከባትሪ ድንጋይ ካርቶን፣ ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ከዚህ ደብተር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር እንደ አዲስ ከሀ ጀመርኩ። አስተማሪው «ጎበዝ ነዎት» አለኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ነሐሴ 2

መብራቱ ሣንቃው ላይ በራ። ኛኮንግ ከእንግሊዝኛ መጽሐፏ አየች፤ በየድኩት እኔ። አምፖሉን የሚያበራልን ከወደቀ መኪና የተፈታ ሪሌ፣ በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ነው፤ ቁልፉን ከሰርዲን ጣሳ ቆርጠን እንደ ሞላ አጥፈነው በላዩ መዳፍ የሚያህል ጣውላ አደረግንበት። ወንዳፍራሽ በጣቱ ተጫነው፤ በራ። ተጫነው፤ ጠፋ።

«ብራቮ ኛኮንግ!»

ማን በየደው ያለ የለም።

ሁለቱ ሻይ ሊጠጡ ወጡ። እየጠረግሁ ሳለ እንደ ሽታዬ በክርኔ መታሁት። በራና ወዲያው ጠፋ። ደገምኩ፤ በርቶ ቀረ። አሥር ጊዜ መታሁት፤ አራቱን ጊዜ እምቢ አለ። በጣት ቀስ ተብሎ ሲጫኑት ይታዘዛል፤ በክርን ሲመቱት ይቀብጣል።

የት እንዳነበብኩት ወዲያው ትዝ አለኝ። የወልደሥላሴ ደብተር፣ ለሱሩር ወፍጮ ቤት የጆንያ ቆጣሪ የሠራበት ገጽ። «አንዱን ጆንያ ሦስት ያደርገዋል። ብረት ብረትን ሲመታ ይነጥራል፤ ለእኛ አንድ ምት ነው፣ ለኤሌክትሪኩ ብዙ ነው። ቁልፉ አጠገብ ካፓሲተር ይግባ፤ ጥቂት አጠራቅሞ ንጥረቱን ይውጠዋል።» ካፓሲተር ማለት ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም የጣት ጫፍ የምታህል ጣሳ ናት። በመሳቢያው ውስጥ አርባ ያህል አሉን።

ሁለቱ እየሣቁ ተመለሱ። ነገ እነግራቸዋለሁ።

ነሐሴ 5

ደብተሩን ወስጄ ያንኑ ገጽ ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ፊት ለፊቷ አስቀመጥኩት። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ዓይን አላት።

ነሐሴ 9

ገጹ እንደተከፈተ ነው። የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠችበት። በጽሕፈቱ ላይ ክብ ምልክት ቀረ።

ነሐሴ 11

ዛሬ ብርጭቆዋን አንሥታ ገጹን አየችው። ሥዕሉን በጣቷ ተከተለች። «እማማ፣ ይሄ ምን ይላል?»

«የድሮ ሥራ ነው። የወፍጮ ቤት።»

«እሺ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ውሸት አይደለም። የወፍጮ ቤት ሥራ ነው።

ነሐሴ 18

መብራቱ ክሊኒኩ ውስጥ ተተከለ። ሽታዬ በሁሉም ፊት በክርኗ መታችው። በራ። ዳግም መታች፤ ጠፋ። «እልልል!» አለች። ኛኮንግ እኔን አቅፋ አነሣችኝ፤ እግሬ ከመሬት ለቀቀ። ሽቶ አትቀባም፤ የከሰል ሽታ ነው ያላት፣ እንደኔው።

ምናልባት ደህና ይሆናል። ምናልባት የሽታዬ ክርን ከእኔ ይለሰልሳል። ወንዳፍራሽ የኛኮንግን ስም ለጅማ ሊጽፍ እንደሆነ በሁለት ቃል ነገረኝ። «አንቺ ደግሞ ቤቱን ታውቂዋለሽ፣ አንቺ ባትኖሪ ማን ይይዝልናል» አለኝ። ምስጋና መሆኑ ነው።

ነሐሴ 24

ዝናብ። ባሮ ሞልቷል። ኛሉዋክ ምጥ ይዟት ወደ ክሊኒኩ ሄደች፤ ጎረቤቴ ናት፣ ዓሣ ሻጯ። እኔና እናቷ ደገፍናት። ስምንት ሰዓት ከቀትር በኋላ ሆኖ እንደ ምሽት ጨለመ።

ደጅ ቆሜ ሰማሁት። የጣውላውን ቷ። ከዚያ ሽታዬ፦ «በራ— አይ! ምን ሆነ?» ቷ። ቷ። ቷ።

መጻፍ አልችልም።

ነሐሴ 25

ሕፃኗ ደህና ናት። ሽታዬ የእጅ ባትሪ በጥርሷ ነክሳ ነው ኛሉዋክን የሰፋቻት። ደሙን ቶሎ አላየችውም። ኛሉዋክ ዓይኗን አልገለጠችም።

ነሐሴ 26

ሬዲዮ ሊያስጠግኑ የመጡ ሰዎች ሰልፍ ላይ ሆነው ሲያወሩ፦

«የናስር ትምህርት ይሄ ነው!»

«ልጅ ነቻ፣ ምን ታውቅ።»

«እትዬ አልማዜ ቢሠሩት ይሄ ይመጣ ነበር? ባላቸው እኮ የመብራት ሰው ነበሩ።»

«ተዪ፣ እሳቸውማ ያኔ ፊደል እንኳ አያውቁ። አውቀው ቢሆን ሰውየው ዛሬ በሕይወት...»

«ዝም በይ፣ ይሰማሉ።»

ሰማሁ። ኛኮንግ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ መጽሐፏን ከመጀመሪያው ገጽ እያነበበች ነበር። ምን እንዳጎደለች እየፈለገች። መጽሐፉ ውስጥ የለም። እኔ አውቃለሁ የት እንዳለ።

ነሐሴ 27

ወንዳፍራሽ ጠራኝ። «የኛኮንግን ስም አልልክም፤ ሕዝቡ ምን ይለኛል። ያንቺን ጻፍኩ። ከዛሬ ጀምሮ በርጩማው ላይ አንቺ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። አንዱ እግሩ አጭር ነው፤ ወልደሥላሴ ከሥሩ ወረቀት ያጥፍበት ነበር። ቀኑን ሙሉ ወዲያና ወዲህ ስል ዋልኩ። ኛኮንግ መጥረጊያውን ከጥግ አንሥታ ቤቱን ጠረገች። ማንም አላዘዛትም።

ነሐሴ 29

ሥራ አልሄድኩም። ኛሉዋክ እንዳለች ናት፤ እናቷ ውኃ በጥጥ እያንጠባጠበችላት ነው።

የታጠፈውን ወረቀት ዘረጋሁት።

ነሐሴ 1968 ነበር። በሱሩር ወፍጮ ቤት ወልደሥላሴ ከጓሮ የኤሌክትሪክ መስመሩን በእጁ ይዞ ይሠራል። ትልቁ ማብሪያ ላይ ወረቀት ሰቅሏል፣ ይህንን ወረቀት። «እንዳይነካ» ይላል። እኔ ምሳውን ይዤ መጣሁ። ሴቶች ከነእህላቸው ተሰልፈዋል፣ ዝናቡ ይመታቸዋል። «የመካኒኩ ሚስት አይደለሽ? አንሺልን እንጂ!» አሉኝ። ከመካከላቸው አንዷ ደግሞ «እሷ ምን ታውቃለች፣ ምሳ ማመላለስ ነው እንጂ» አለችና ሣቁ።

ማብሪያውን አነሣሁት።

ከተማው ለአሥር ዓመት «ፊደል አታውቅ፣ ምን ታድርግ» ሲለኝ ኖሯል። እኔም በዚህ ደብተር ላይ ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር ብዬ ጽፌያለሁ። ገልብጬ አየሁት፤ ሐምሌ 25።

ወልደሥላሴ በዚያ ክረምት ፊደል ያስቆጥረኝ ነበር። ከሀ ጀምረን አ ላይ ደርሰን ነበር። ወረቀቱ ላይ ካሉት ስድስት ፊደላት ሦስቱን አውቃቸው ነበር። እ አውቃለሁ። ን አውቃለሁ። ነ አውቃለሁ። ከን ቀጥሎ ያለው ላይ ደርሼ ቆምኩ። «ይህ ምን ይላል?» ብዬ መጠየቅ እችል ነበር፤ ሱሩር ሁለት ክንድ ላይ ቆሟል፣ ያነባል። ግን በእነዚያ ሴቶች ፊት ፊደል የምትቆጥር ሆኜ መታየት አልፈለግሁም። የምታውቅ ሆኜ መታየት ፈለግሁ።

ወልደሥላሴን የገደለው ያ ነው። ለኛኮንግ ደግሞ የማታነበውን ወረቀት ፊቷ ሰቅዬ «ዓይን አላት» አልኩ። እሷ ግን ጠይቃኝ ነበር።

ነሐሴ 30

ነገርኳቸው። ሁለቱ ባሉበት፣ ቆሜ። ገጹን አነበብኩላቸው፤ ብርጭቆው ክብ ምልክት የተወበትን ቦታ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ወንዳፍራሽ «መች አየሽው?» አለ።

«ነሐሴ ሁለት።»

«ክሊኒክ ውስጥ ከመተከሉ በፊት?»

«ከመተከሉ በፊት።»

«አውቀሽ?»

«አውቄ።»

ከወንበሩ ተነሥቶ ወጣ። ኛኮንግ ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበች። ቢሰድቡኝ የምመልሰው ተዘጋጅቶልኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ አሁን አላስታውሰውም።

«እማማ፣ እኔ ጠየቅሁሽ» አለች። ቆይታ ደግሞ፦ «ጠየቅሁሽ እኮ።»

ጳጉሜን 1

ወንዳፍራሽ ጠዋት ከመሳቢያው አንድ ካፓሲተር አንሥቶ ሳያየኝ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። «ሂዱና አስተካክሉት» አለ። የእኔን ስም ከደብዳቤው እንደሰረዘ በዚያው ነገረኝ።

ከኛኮንግ ጋር በዝናብ ሄድን። ክሊኒኩ ስንደርስ የባትሪውን ገመድ ፈታሁና ጫፉን ለእርሷ ሰጠሁ። «ይህን በእጅሽ ያዥ። እስክልሽ ከዚህ አትነቃነቂ። ማንም ቢመጣ አትስጪ።»

«እማማ፣ ይሄ የመኪና ባትሪ ነው። ሰው አይገድልም።»

«አውቃለሁ። ያዥው።»

አየችኝ። ያዘች። ብየዳው ሦስት ቁጥር ነበር፤ እሷ ስትቆጥር ሰማኋት። ወረቀት አልሰቀልኩም። ሰው አቆምኩ። ስጨርስም ለምን እንዳቆምኳት ነገርኳት፤ ወፍጮ ቤቱን፣ ወረቀቱን፣ ሦስቱን ፊደል። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ኛኮንግ ገመዱን አልለቀቀችም ነበር፤ እንደያዘች አዳመጠችኝ።

ከዚያ ሽታዬ በክርኗ መቶ ጊዜ መታችው። ቆጠርን። መቶውንም ታዘዘ። «ክርኔ አለቀ፣ ይብቃችሁ!» አለች። ለእሷም ነገርኳት። «አንቺ ሴትዮ» አለች። የኛሉዋክን በር በአገጯ እያሳየችም «እሷ ዘንድ ግቢ» አለችኝ።

ኛሉዋክ ዓይኗን ገልጣለች። ከንፈሯ ነጭ ነው። ሕፃኗን ደረቷ ላይ አድርገውላታል። አልጋው ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳት። የሰማችኝ አልመሰለኝም። ስነሣ ቀሚሴን ያዘች። «ልጄን... ከፍ አድርጊልኝ» አለች፤ እጇ አልታዘዝ ብሏት። ከፍ አደረግሁላት። ይቅርታ መሆን አለመሆኑን አላውቅም።

መስከረም 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

ተመረቀ። ጓድ ሊቀመንበር በክርኑ መታና አበራው፤ ተጨበጨበ። ከዚያ ንግግር ጀመረ። «ይህ ብርሃን መቼም...» ሲል በጀርባው ተደገፈው፤ ጠፋ። ሽታዬ በሣቅ ልትሞት ነበር። «ሠራ! አስተካክሎ ሠራ!» ኛኮንግ እኔን አየችኝና አፏን በእጇ ሸፈነች። እኔም ሸፈንኩ።

መስከረም 10

ወንዳፍራሽ የኛኮንግን ስም ልኳል። ነገ ጎህ ሲቀድ በጭነት መኪና ወደ ጎሬ፣ ከዚያ ጅማ ትሄዳለች። ቀናሁ። ዛሬም ቀናሁ፤ ጠፍቷል ብዬ ልዋሽ አልፈልግም። እኔ ወደ ሬዲዮ መቀበያው ተመልሻለሁ። ብየዳ አልተሰጠኝም፤ ወንዳፍራሽ «እናያለን» ብሏል።

ሠልጣኞች የሚማሩት በአማርኛ መሆኑን ከሰማች ጀምሮ ኛኮንግ በየቀኑ ከሥራ በኋላ ትመጣለች። ከሀ ጀምረን አ ላይ ደርሰናል። ጎበዝ ናት። ከእኔ ይልቅ።

ዛሬ የወልደሥላሴን ገጾች ከፊት በኩል ቆርጬ ልሰጣት ደብተሩን አወጣሁ። ስታገላብጥ የታጠፈው ወረቀት ወደቀ። ልነጥቃት እጄን ሰነዘርኩ፤ መልሼ ሰበሰብኩት። ዘረጋችው፣ ጣቷንም መጀመሪያው ፊደል ላይ አደረገች።

«እ» አለች። «ን።»

ሦስተኛው ላይ ቆመች። ቀና ብላ አየችኝ።

«እማማ፣ ይቺስ?»